አንድ ዓይኑን ጨፍኖ

የምክር ዓምድ

ደብዳቤው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ቅዳሜ ጠዋትና እሑድ ሠርግ እቀርጻለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ ለራሴ ፎቶ አነሳለሁ። ዘንድሮ ልቤን የጣልሁት መንገድ ላይ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ላይ ነው። ጣና ዳር ዋሽንት የሚነፋ ልጅ አለ፣ ክራር የያዘ ወጣት አለ። ከሁሉም በላይ ግን ከዛፍ ዛፍ፣ ከቡና ቡና እየተዘዋወሩ የሚጫወቱ አንድ ጠና ያሉ ባለማሲንቆ አሉ። ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ300 ሚሊሜትር ሌንስ ከሩቅ አነሳኋቸው፤ እንዳይረበሹ ብዬ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ አዩኝና ወደኔ ዞረው እንዲህ ብለው ገጠሙ፦

አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያየኝ ይውላል፣
ሁለቱን ቢከፍት ምን ይጎድልበታል?

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድሁ። ፎቶ የምናነሳ ሰባት ጓደኛሞች አለን፤ በወር አንዴ ያሳተምነውን ይዘን ሻይ እየጠጣን እንተያያለን። እኔም 12 ፎቶ ይዤ ቀረብሁ። አንዷ ‹በጣም ያምራል› አለች። አንዱ ‹ጥቁርና ነጭ አድርገው› አለኝ። በዕድሜ ትልቃችን የሆነው ደግሞ ‹ማሲንቆውን አየሁት፤ ሰውየው የት አሉ? ይኼ ፖስት ካርድ ነው› አለ። ግማሽ ሰዓት ተከራከርሁት። ከዚያ ወዲህ ካሜራዬን ከቦርሳው አላወጣሁም። ልሽጠው ወይ? ለሙዚቀኛ ገንዘብ መስጠትስ ይገባል? ፎቶውን ያበላሸዋል ሲሉ ስለሰማሁ ሰጥቼ አላውቅም። አንድ ሎጅም ከፎቶዎቹ አንዱን ለግድግዳው ሊገዛኝ ጠይቋል። ሦስቱን ልኬልዎታለሁ፤ ይዩልኝ።

ካሜራውን የከተተው»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ። ይቅር በለኝ። ያሳቀኝ ማፈርህ ሳይሆን ግጥሙ ነው። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ሃያ ዓመት ያህል ፎቶ ቤት ይዤ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ፣ በየሠርጉ ስሯሯጥ ኖሬአለሁ፤ ስለ ሥራዬ ግን እንዲህ ተጨምቆ የተነገረኝ ነገር የለም። በሁለት ስንኝ!

ሦስት አስተያየት እንደደረሰህ ቆጥረሃል። እኔ ስቆጥር አራት ናቸው። አራተኛውን የዘለልኸው ስድብ መስሎህ ነው። ስለዚህ ጓደኞችህ ይቆዩንና ከአዛውንቱ ልጀምር።

አዝማሪ የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ጋር ዘመድ ነው። ማመስገን ሥራው ነው፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። በድሮው ግብር ላይ ባለሟሉ ሁሉ አፉን ይዞ ሲያጎነብስ፣ የጌታውን ጉድለት በሰም ጠቅልሎ የሚያቀርበው አዝማሪው ነበር። ጌታው ከተቆጣ «እኔ ያልሁት ሰሙን ነው» ይላል፤ ጌታው ልባም ከሆነ ወርቁን ለራሱ ይወስዳል። ይህ አንደበት ምን ያህል እንደሚፈራ ጣልያንም ያውቅ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዩንና ባሕታዊውን ሲያስለቅም ተዘዋዋሪ አዝማሪዎችንም አብሮ ያስገደለው፣ በየገበያው ወሬ እየነዙ ሕዝቡን ያነሳሱብኛል ብሎ ነው። እንግዲህ አንተን ያየህ ሰው ሂስን ከአባት ከአያቱ የወረሰ ነው። ከሰባት ጓደኞችህ አንዳቸውም ይህ የሙያ ታሪክ የላቸውም።

«ተቀበል!»ን ደግሞ ሳታውቀው አትቀርም። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ያንኑ ስንኝ አንስቶ በዜማ ይመልሰዋል። ሞቅ ያለው ሰው የወረወረውን፣ ቤት የማይመታውን፣ ራሱን አዝማሪውን የሚነካውን ጭምር። «ይኼማ ግጥም አይደለም» ብሎ ሲሟገት የሰማሁት አዝማሪ የለም። ቃሉ የሰውየው ነው፤ ዜማው የራሱ ነው። አንተ ግማሽ ሰዓት የተሟገትህበትን እሳቸው በአንድ የደጋን ምላሽ አልፈውት ነበር።

አሁን ስንኛቸውን እንፍታ። ሰሙ ግልጽ ነው፤ ካሜራ የያዘ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ወርቁን ግን እኔ ሁለት ቦታ አገኘሁት። የመጀመሪያው «ሁለቱን ቢከፍት» የሚለው ላይ ነው። የሚከፈተው ዓይን ብቻ ነው ያለህ ማን ነው? እጅም ይከፈታል። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ስትሰማ ውለህ ሰባራ ሳንቲም አላወጣህም፤ አንተ ለእኔ ነገርኸኝ፣ እሳቸው ደግሞ ሳትነግራቸው አይተዋል። ሁለተኛው ወርቅ ጠለቅ ይላል። «ሲያየኝ ይውላል» አሉ እንጂ «ሲሰማኝ» አላሉም። ሰውየው ሙዚቀኛ ናቸው። መደመጥ የለመደን ሰው ቀኑን ሙሉ በዝምታ ሲያዩት መዋል ሐውልት አደረጉት ማለት ነው።

እስቲ ልጠይቅህ። በሦስቱ ቅዳሜዎች በየትኛው ቅኝት ነበር የሚጫወቱት? ትዝታ ነበር? ባቲ? አምባሰል? አንቺሆዬ? ማንን አወደሱ፣ ማንንስ ወጉ? ደብዳቤህ ውስጥ የሌንስህ ቁጥር አለ፤ የሰውየው ዘፈን የለም። ያቺን አንዲት ስንኝ እንኳ ያስታወስኻት አንተን ስለነካች ነው።

«እንዳይረበሹ ብዬ ነው» ያልኸውን ግማሹን አምንሃለሁ። ግማሹ ፍርሃት ነው። ስለማውቀው ነው የምነግርህ። ቀርቦ «እንደምን ዋሉ አባባ፣ ላነሳዎት ይፈቅዱልኛል?» ማለት ያስፈራል፤ «አይሆንም» ሊባል ይችላልና። ረጅሙ ሌንስ ከዚህች ጥያቄ አዳነህ፤ ዋጋዋን ግን ፎቶው ላይ አስከፈለህ። ዙሪያውን ሁሉ ቆርጦ ጣለው። አድማጩ የለም፣ ጀበናው የለም፣ ትከሻውን እየሰበቀ የሚጨፍረው ሕፃን የለም፣ ግንባራቸው ላይ የሚለጠፈው ብር የለም። የቀረው ማሲንቆ የያዙ ሽማግሌና ደብዛዛ ውሃ ነው። በዚያ ላይ በዚህ ጊዜ ረጅም ሌንስ ይዞ ከዛፍ ጀርባ የሚያይ ሰው ከሙዚቃ ውጪ በሆነ ነገርም ይጠረጠራል።

35 ወይም 50 ሚሊሜትር ሌንስ ያዝና ሁለት እርምጃ እስኪቀርህ ድረስ ቅረብ። ከሌለህ ስልክህ ይበቃል፤ ዋናው የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ በግድ ያስቀርብሃል። አቀራረቡን እኔ አላስተምርህም፣ ያደግህበት ነው። ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ሰላምታ ትሰጣለህ፤ ቦታ ሊለቅልህ ለሚነሳው «ኧረ በእግዜር!» ትላለህ፤ ትቀመጣለህ፤ ቡና ታዝዛለህ፤ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምረህ ትሰማለህ። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ዓይናቸው ሲያርፍብህ ካሜራህን ከፍ አድርገህ አሳያቸው። ራሳቸውን ከነቀነቁልህ አንሳ፤ ካልነቀነቁ ቡናህን ጠጣ። ቅዳሜ ሌላም አለ።

ወደላክህልኝ ፎቶዎች እንምጣ። በሦስቱም ከጀርባቸው ጣና ተዘርግቷል። ጣናን የሚጠላ የለም፤ ግን ውሃውና ሰማዩ ከፊታቸው እጅግ ስለሚበራ ካሜራው ለውሃው ሲጠነቀቅ ፊታቸውን ከሰል አድርጎታል። ነጩ ጋቢያቸውም አባብሶታል። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለመጎተት የተሠራ ዕቃ ነው፤ ብዙ ነጭ ሲገባበት ያጠቁራል። «ሰውየው የት አሉ?» ያለህ ጓደኛህ ግማሹን የጠየቀው ቃል በቃል ነው፤ የእውነት አይታዩም።

እዚህ ላይ ባሕር ዳር ብዙ ሰው የማያስተውለው ጸጋ አላት። ከተማችን የተቀመጠችው ከሐይቁ በስተደቡብ ነው፤ ከዳርቻው ቆመህ ውሃውን ስታይ ፊትህ ወደ ሰሜን ነው። የፈረንጅ አገር ሠዓሊዎችና የድሮ ፎቶ አንሺዎች ሰሜን የሚያይ ትልቅ መስኮት ያለው ክፍል ይፈልጉ ነበር፤ ፀሐይ በቀጥታ ስለማይገባበት ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ቶሎም አይለዋወጥም። ለእኛ ጣና ራሱ ያ መስኮት ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞረ ሰው ላይ የሚያርፈው የሰማዩና የውሃው ብርሃን ነው። ዓይኑ ውስጥ ደግሞ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ትገባለች፤ ያቺ ነጥብ ያለችበት ፊት ሕያው ነው። ስለዚህ ሂድና በውሃው በኩል ተቀመጥ፤ ጀርባህን ለጣና ስጥ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ያን ሰዓት ነው ፔሊካኖቹ ከኋላህ የሚያልፉት፤ የደንገል ታንኳውም ያን ሰዓት ነው የሚያልፈው። ይለፉ።

ያ ሁሉም የሚወደው የማታ ወርቃማ ብርሃን ደግሞ በእኛ አገር ችኩል ነው። ከምድር ወገብ ብዙ አንርቅም፤ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሌንስ ልቀይር ብለህ ቦርሳህን ስትከፍት ጨርሳ ታገኛታለህ።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ። በሦስቱም ፎቶ አፋቸው ተከፍቷል። ሁላችንም ዘፋኝን አፉ ሲከፈት ነው ማንሳት የምንጀምረው፤ «እየዘፈነ ነው» ለማለት። እኔ በሠርግ ያነሳኋቸው ዘፋኞች ሁሉ ጥርስ ሐኪም ፊት የተቀመጡ ይመስላሉ። አዝማሪን ግን «ተቀበል!» በተባለ ጊዜ እየው። ስንኙ እየተወረወረለት ነው፤ ደጋኑ አልቆመም፤ አፉ ተዘግቷል፤ ጆሮውን ወደ ተናጋሪው አዘንብሏል፤ ከዓይኑ ሥር መሳቅ የጀመረ ነገር አለ፤ እሱ በውስጡ ቃሉን ዜማው ላይ እያስቀመጠ ነው። ሦስት አራት ሰከንድ ናት። ከዚያች የበለጠ ፊት በማንም ሙዚቀኛ ላይ አላየሁም።

እጅም አለልህ። ማሲንቆ ያላት አንድ ገመድ ብቻ ነው፣ እሱም የፈረስ ጭራ ነው፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠሩት የግራ እጅ ጣቶችና ደጋኑ ናቸው። ጣቶቹ ገመዱን እንጨቱ ላይ አይጫኑትም፣ ይነኩታል እንጂ። ስለዚህ ከፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ሆነህ፣ እሳቸው በተቀመጡበት ከፍታ ዝቅ ብለህ ስታይ ነው የጣቶቹ ጨዋታ የሚገባህ። ቆመህ ቁልቁል ካነሳህ የምታገኘው መላጣና የማሲንቆ ቆዳ ነው። ደጋኑን ደግሞ እንዲህ ያዘው፦ ሄዶ ሊመለስ ሲል ጫፉ ላይ ለአፍታ ይቆማል። ያን አፍታ ከጠበቅህ በ1/60 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት እንኳ ጥርት ይላል፤ መሃል መንገድ ላይ ልያዘው ካልህ ግን 1/250 እና ከዚያ በላይ ያስፈልግሃል። ወይም ተወው፣ በ1/15 አንሳና ደጋኑ ጭስ ይምሰል፤ ፊታቸው ጸንቶ ከቆመ ፎቶው ምንም አይጎዳም። የደጋኑን መመለሻ ደግሞ ዓይንህ አይነግርህም፤ ጆሮህ ነው የሚነግርህ። ዜማውን ያልያዘ ሰው ሁልጊዜ በአንድ ምት ይዘገያል።

የዋሽንቱ ልጅና የክራሩ ወጣት ላይ አልቆይም። ዋሽንት የትንፋሽ ነገር ነው፤ ልጁ አየር ሊስብ ከንፈሩን ሲያላቅቅ እየው። ባለክራሩ ክሩን እየጠመዘዘ ሲቃኝ፣ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ጥሎ፣ ከሚጫወትበት ጊዜ ይልቅ ፎቶ ነው።

ወደ ሻዩ ጠረጴዛ እንመለስ። «በጣም ያምራል» ያለችህን ልጅ አመስግናት፤ ከእሷ ሌላ የምትወስደው ነገር የለም። «ጥቁርና ነጭ አድርገው» ያለህ ደግሞ ዳማከሴ አዛዥ ነው፤ ለራስ ምታቱም ለብርዱም ያው ዳማከሴ። አንዳንዴ ይሠራል፤ የአንተ ፎቶ ሕመም ግን ቀለሙ አይደለም። ትልቃችሁን ግን አክብረው። ይሉኝታ በሞላበት አገር ፊት ለፊት «ሰውየው የት አሉ?» የሚል ሰው የሆነ ነገር ከፍሏል፤ ያን ማታ «ልጁን አስቀየምሁት መሰለኝ» እያለ ሳይብሰለሰል አላደረም። «ፖስት ካርድ» ያለበት ቃና ያማል፣ አልክድህም። ቃናውን ለእሱ ተውለትና ቃሉን ውሰድ። ደግሞ አስተውል፦ እሱና ባለማሲንቆው አይተዋወቁም፤ ሁለቱም የነገሩህ ግን አንድ ነገር ነው። አንዱ «አላየኸኝም» አለህ፤ አንዱ «ፎቶው ውስጥ የሉም» አለህ።

ለሚቀጥለው ወር እንዲህ አድርግ። ሦስት ፎቶ ብቻ ይዘህ ሂድ። አንድ ሰው፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ ማሲንቆ በ12 ፎቶ ስታሳይ ሰባተኛው ላይ ሰው ሻዩን ማማሰል ይጀምራል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ዝም በል። «ያን ቀን ደመና ነበር»፣ «ሰውየው ዞር አሉብኝ» አይባልም፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አንተ አጠገቡ ቆመህ አታስረዳም። የተባለውን በተናጋሪው ቃል እንዳለ ጻፈው። መጠየቅ ካማረህ አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ «ዓይንህ መጀመሪያ ያረፈው የት ላይ ነው?» ይህን ጥያቄ ስለ ፎቶ የማያውቀው አስተናጋጅም ሊመልስልህ ይችላል፤ እንዲያውም ከጓደኞችህ ይልቅ እሱን ጠይቀው። አምስት ሰው «ውሃው ላይ» ካለህ ክርክር አያስፈልግም። የጻፍኸውን ደግሞ ለሳምንት አትክፈተው። በፊልም ዘመን ይህ ሳምንት በግድ ይሰጠን ነበር፤ ጥቅልሉ እስኪያልቅ፣ ጨለማ ክፍል እስክንገባ፣ ወረቀቱ ገመድ ላይ ተሰቅሎ እስኪደርቅ። ስታሳየው ፎቶው ከአንተ ትንሽ ርቋል። እናንተ ጠዋት አንስታችሁ ማታ ታሳያላችሁ፤ ቁስሉ ትኩስ እያለ ነው የሚነካው።

የማትቀበለውም ይኖራል። «አሁን አዝማሪ ምን ይነሳል!» የሚል ሰው ካጋጠመህ የሚነግርህ ስለ ፎቶህ አይደለም። ቤታቸው ጠርተው አጨብጭበው፣ ሲወጣ የሚንቁት ሰዎች ጥንትም ነበሩ። እሱን ማስታወሻህ ላይ አትጻፈው።

የራሴን ጥፋት ልንገርህ። ካሜራ በያዝሁ ሰሞን፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ሠፈራችን ላሊበላ መጣ፤ በየደጁ እየዘፈነ የሚለምነው ማለቴ ነው። ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ያወጣል፣ እሷ ትቀበላለች፣ የአባቴን ስም ከጎረቤት ጠይቀው እየጠሩ ነው። ፍላሼን ሞልቼ በሩ ሥር ተደብቄ ጠበቅሁና አበራሁባቸው። ሴትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ዘፈኑ ተቆረጠ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ፍላሼ እንደገና ሲሞላ ያሰማው የነበረው ቀጭን ሲጥታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ላሊበሎች የሚወጡት ለእህልና ለሳንቲም ብቻ አይደለም፤ ዘፈኑን የተወ የሥጋ ደዌ ያገኘዋል የሚል እምነት ከዘር ወርዶላቸው ነው። በጨለማ መጥተው ሳይነጋ የሚመለሱትን ሰዎች እኔ በመብራት ያዝኋቸው። እናቴ ወጥታ እህል ሰጠቻቸው፤ እሷን መረቁ፤ እኔን ሳያዩ ሄዱ። «የሰው ገበና በመብራት ታድናለህ?» አለችኝ፤ ያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገረችኝም። ፊልሙን አጠብሁት። ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ የነጠላዋ ክር እንኳ ይቆጠራል። አላተምሁትም። ያን ፎቶ ለየትኛውም የሻይ ጠረጴዛ ባቀርበው ኖሮ ብርሃኑን ያደንቁልኝ ነበር።

የገንዘቡ ጥያቄ ቀላል ነው። «ፎቶውን ያበላሸዋል» የሚለው ከጋዜጠኞች ደንብ የመጣ ነው፤ ዜና የሚያነሳ ሰው ከፍሎ ነገሩን ካሠራ ዜናው ውሸት ይሆናል። አንተ ዜና አይደለም የምታነሳው። አዝማሪን የሰማ ይሸልማል፤ ምጽዋትም የፎቶ ዋጋም አይደለም፣ ሽልማት ነው። ስለዚህ እንደ አድማጭ ስጥ፦ ካሜራው ጭንህ ላይ እያለ፣ ሌላው ሰው የሚሰጠውን ያህል፣ ዘፈኑ መሃል። ከማንሳትህ በፊት ዋጋ ከተነጋገርህ የሚጫወቱት ለካሜራህ ይሆናል፤ አንስተህ ስታበቃ ሮጠህ ከሰጠህ ደግሞ ካሳ ይመስላል። ዋሽንት የሚነፋው ልጅ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ልጅ ነው፤ አብሮት ትልቅ ሰው ካለ ትልቁን ጠይቅ፤ ከሌለ እስኪመጣ ጠብቅ።

ሎጁ ላይ ቆም በል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ያወጣል፤ ለምሳሌ ፎቶው በአደባባይ ከተደረገ ነገር ወይም ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ከሆነ። የጥምቀት ዕለት በሕዝቡ መሃል ሲጫወቱ ያነሳኸው እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የአንድ ሽማግሌን መልክ ብቻ በፍሬም አድርጎ መሸጥ ግን ሌላ ነው፤ በዚያ አንቀጽ ተከልለህ እንድትሸጥ አልመክርህም። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ሰውየው አንድ ምሽት እዚያው ሎጅ ሊጫወቱ ይጠሩ ይሆናል፤ ግድግዳው ላይ ራሳቸውን ሲያገኙት ስለ አንተ የሚገጥሙትን ስንኝ እኔ መስማት አልፈልግም። ሂድና ጠይቃቸው። ሎጁ የሚከፍለውን፣ የእሳቸውንም ድርሻ አስቀድመህ በግልጽ ንገራቸው፤ የሚፈርሙት ወረቀት ካለ የሚያምኑት ሰው ያንብብላቸው። ከላክህልኝ ሦስቱ ግን አንዱንም አትሽጥ። ፊት የሌለው ፎቶ ነው፤ የተሻለ ታመጣለህ።

የሚመጣው ቅዳሜ ተመለስ። ከ12ቱ ደህና የምትለውን አንዱን በ13 በ18 ሳንቲሜትር አሳትመህ ውሰድላቸው፤ «ይኸው እኔ ያየሁዎት» ብለህ ስጣቸው። መግጠማቸው አይቀርም። ያን ጊዜ «ተቀበል» የሚባለው አንተ ነህ፤ ቤት የሚመታ ነገር ከመጣልህ መልስላቸው፣ ካልመጣልህ ከሰዉ ጋር አብረህ ሳቅ። ስንኙን ጽፈህ ላክልኝ።

ካሜራውን አትሽጥ። ባለ 300 ሚሊሜትሩን ሌንስ ግን ገዢ ከመጣ ስጠው፤ የጣናን ወፎች የሚያነሳ ሰው ይፈልገዋል።